ሐጃ ያስመዘገበቻት ልጅ

ሱዳን ውስጥ ከካፉሪ ሰፈር ስመለስ፣ ሓፍላ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ያገሬ ሴቶች ወሬ ጀመሩ። አንደኛዋ ፎጣ ታቅፋለች።

"ልጄን የዋና ክለቡ አልመዘግብም አላት" አለች ባለፎጣዋ።

"ለምን?"

"አንድም እናቷ ሐበሻ ናት አሉ፤ አንድም ሴት ልጅ ያለ አባት ወይ ያለ ባል አትመዘገብም አሉ። አባቷ ሱዳናዊ ነበር፣ ሞቷል።"

"ውሃው ደግሞ ዘር ይጠይቃል እንዴ፣ እቴ?"

"እኔማ ፈርቼ 'ተይው' ብያት ነበር። የምሠራላት ሐጃ ሰማችና እጄን ይዛ ኮሚቴው ፊት ወሰደችኝ። 'ይቺን ልጅ ካልመዘገባችሁ የእኔንም የልጆቼንም ስም ሰርዙ' አለቻቸው።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ! ያ ሲጮህብን የነበረው ጸሐፊ እስክሪብቶ ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገባ።"

"ውይ፣ ደግ አደረገችው! ታዲያ ጻፋት?"

"ጻፋት፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ ነው።"

"አላህ የሐጃን ዕድሜ ያርዝመው።"

"አሚን፣ አሚን። ልጄ ደግሞ 'እማ፣ ፎጣዬን ስታመጪ በጓሮ ሳይሆን በትልቁ በር ግቢ' ብላኛለች።"

"ትገቢያለሽ?"

"እየፈራሁም ቢሆን እገባለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

ባለፎጣዋ ዐማራት ሰፈር ላይ ስትወርድ፣ እኔ የተከናነብኩትን ቶብ ከፊቴ ገለጥ አድርጌ የክለቡ ትልቁ በር ጋ እስክትደርስ በመስኮቱ አየኋት።