ባለ አንድ ቅጠሏ

— ሄሎ? … ማን ልበል? … እንዴ! ዶክተሩ ወንድሜ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?

— አንቺ የልጄ እናት፣ ሬዲዮኑን ቀንሺው፣ ታናሼ ነው! … አዎ፣ እሱ። ተገርመሻል?

— ደህና ነን። … ፎቶው ደርሷል፣ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። … ተው እንጂ! ስለ አበባ መጽሐፍ የጻፍክ ሰው እኔን የመጋዝ ቤት ሠራተኛውን ትጠይቃለህ?

— አልረሳሁትማ! መጽሐፍህ የተመረቀ ቀን እንግዶችህ ፊት ምን ነበር ያልከው? «ወንድሜ ከአበባ ይልቅ ማገዶ ነው የሚያውቀው።» ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ … ምን ላድርግ?

— እሺ፣ እሺ፣ «ጋሼ» እያልክ አታባብለኝ። ስማ። አበባዋ አንገቷን ደፍታለች? ስድስቱ ክንፎቿ ወደ ላይ ተቀልብሰዋል? ከግርጌዋ ሁለት ዥንጉርጉር ቅጠል? … በቃ እሷ ናት። እናንተ ሊሊ ከምትሉት ወገን፣ የእኛው ጫካ አበባ።

— አጠገቧ ያለችው? ባለ አንድ ቅጠሏ? … ምን ሌላ ዝርያ! መጽሐፍህ ላይ ሁለት አደረግሃቸው እንጂ አንድ ናቸው። ያን ቀንም ይህንኑ ስነግርህ ነው ያሳቅህብኝ! ልጅነቷ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት በአንድ ቅጠል ትቆይና፣ ሽንኩርት የመሰለው ሥሯ ሲወፍር ሁለተኛውን ታወጣለች። ያኔ ነው የምታብበው።

— አሃ … ተማሪህ ናት የተጠራጠረችው? እሷን አመንክ፣ እኔን ግን …

— ማን ነገረኝ? እማዬ ናታ! እንጨት ለቀማ ስትወስደን፣ «ባለ አንዷን እንዳትረግጧት፣ ገና ናት» ትለን አልነበር? … አንተማ ጀርባዋ ላይ ተኝተህ። እጄን ስትይዘኝ መዳፏ እርጥብ አፈር፣ እርጥብ አፈር ይሸት ነበር። አሁንም ቅጠሏን ሳይ … ተወው።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? … ምነው ድምፅህ? … እሺ፣ ጉንፋን ነው እንበል።

— ስሜን? አዲሱ እትም ላይ? … ሃያ ዓመት ቆይተህ! አንተ ደብተር ስትይዝ እኔ መጋዝ ያዝኩ፣ ስሜ እዚያው ይቅር። የእማዬን ጻፍ። … አዎ፣ የእሷን። … የእኔንም ካልክ ከሥር፣ በትንሹ።

— ነገ ነው ማተሚያ ቤት የሚገባው? ታዲያ ከነገ ወዲያ ና። በፎቶ ምን ይታያል? እዚህ ጫካችንም አብባለች፤ አበባዋ ከአሥር ቀን በላይ አትቆይም፣ አራቱ አልፏል። መንገዱ ከጠፋህ እኔ … ሄሎ? … ሄሎ! …

— ተቋረጠ። … እኔ እንጃ፣ እመጣለሁም አላለ፣ አልመጣምም አላለ። … አንቺ! እህትሽ ጋ ኋላ ትደውያለሽ፣ መስመሩን አትያዢብኝ።