ፌራራ ያልደረሰ መርዶ

(ከቦሎኛ ወደ ፌራራ በሚሄድ የጠዋት ባቡር ውስጥ፤ በመስኮቱ ከጉም በቀር የሚታይ የለም። ወሰንየለሽ ባሏ የሞተባት፣ ከጎንደር የመጣች መምህርት ናት፤ ትርሲት የባሏ የእህት ልጅ።)

ወሰንየለሽ፦ ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ነው የምትነግሪኝ?

ትርሲት፦ ጣቢያው ላይ ብነግርዎት መቼ ይሳፈሩ ነበር?

ወሰንየለሽ፦ «ግንቡን እናያለን፣ በከተማው ቅጥር ላይ እንዞራለን፣ ማታ እንመለሳለን» አላልሽኝም? ካፖርትሽን አልብሰሽኝ፣ ዳቦ ቋጥረሽ፣ ልክ እንደ አገር ጎብኚ።

ትርሲት፦ ግንቡንም እናያለን፣ እትዬ ወሰን። የትም አይሄድብንም።

ወሰንየለሽ፦ ግንብማ ሳይ ነው ያደግሁት። ለመሆኑ እነማንን ጠራሽ?

ትርሲት፦ ብዙ አይደሉም። ቄሱን፣ አቶ ደርቤንና ባለቤታቸውን። እማዬ ደጅ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ተቀምጠው እየጠበቁን ነው። ስንደርስ አብረን ገብተን የወንድሟን መርዶ እንነግራታለን።

ወሰንየለሽ፦ መርዶ ነጋሪ ካፌ ተቀምጦ ይጠብቃል?

ትርሲት፦ ብርድ ነዋ። ደጅ ላይ ተሰብስበው ቢቆሙ ደግሞ የታችኛው ቤት ጣሊያኗ አሮጊት ፖሊስ ትጠራለች። እሷ የቆመ ሰው አትወድም።

ወሰንየለሽ፦ አያስቅም።

ትርሲት፦ ለማሳቅ አይደለም። እርስዎ ሲቆጡ አፌ ዝም ማለት ያቅተዋል፣ ያውቁኝ የለም?

ወሰንየለሽ፦ አልተቆጣሁም። ተመለሺ ነው የምልሽ። ደውይላቸውና ቡናቸውን ጠጥተው ወደ ቤታቸው ይሂዱ።

ትርሲት፦ ምን ብዬ? ጋሼ ታረቀኝ የሞቱት በሐምሌ ነው። አሁን ኅዳር እየወጣ ነው። ጎንደር ተለቀሰ፣ ተዝካር ወጣ፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ ሰማ። የእናታቸው ልጅ እማዬ ብቻ ቀረች።

ወሰንየለሽ፦ ሰው ብቻውን እያለ በስልክ መርዶ አይነገርም። ይህን እኔ አላመጣሁትም።

ትርሲት፦ እሺ፣ ያን ጊዜ እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ልክ ነው አልኩ። ከዚያ «ልቧን ያማታል፣ ክረምቱ ይውጣ» አላችሁ። ክረምቱ ወጣ። ከዚያ «እኔ ራሴ መጥቼ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ» አሉ። ይኸው መጡ። ከመጡ ደግሞ አንድ ቀን ስለ ፌራራ አንሥተው አያውቁም፤ እኔው ነኝ ትኬት የቆረጥኩት።

ወሰንየለሽ፦ ልነግራቸው ነበር የመጣሁት።

ትርሲት፦ አሁንስ?

ወሰንየለሽ፦ አሁን ጉም ነው። በዚህ ዓይነት ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ትርሲት፦ እዚህ አገር እስከ የካቲት ጉም ነው፣ እትዬ።

ወሰንየለሽ፦ ታዲያ የካቲት ይሁን።

ትርሲት፦ ቅድም ያ ሽማግሌ እዚህ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ለምን በእጅዎ ከለከሉት?

ወሰንየለሽ፦ ቦርሳዬን ላስቀምጥበት ነዋ።

ትርሲት፦ ቦርሳው ጭንዎ ላይ ነው።

ወሰንየለሽ፦ አንቺ ልጅ፣ የባንክ ሠራተኛ ሳይሆን ፖሊስ መሆን ነበረብሽ።

ትርሲት፦ ይቀልዱ። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ባለፈው እሑድ ማታ እማዬ ደውላ «ዛሬ ከታረቀኝ ጋር ብዙ አወራን፣ ሲስቅ ዋለ» አለችኝ። የሞተ ሰው እንዴት ነው ሲስቅ የሚውለው?

ወሰንየለሽ፦ እኔ አልሳቅሁም።

ትርሲት፦ ይንገሩኝ። ምንድን ነው እሑድ እሑድ የምታደርጉት?

ወሰንየለሽ፦ መጀመሪያ «ጉሮሮውን ታሟል፣ ድምፁ ተዘግቷል፣ ሐኪሙ አታውራ ብሎታል» አልኳቸው። ለጊዜው ነበር። እሳቸው ደግሞ «እሱ ባይናገር እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩን ጆሮው አጠገብ አድርጊለት» አሉኝ። ጆሮ የለውም እንዴት ልበል? የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

ትርሲት፦ የጋሼ ወንበር ላይ?

ወሰንየለሽ፦ የት ላስቀምጠው ታዲያ?

ትርሲት፦ እርስዎስ?

ወሰንየለሽ፦ ከፊቱ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ «ሳቀ ወይ?» ይሉኛል፤ «ሳቀ» እላለሁ። «ብርድ ልብሱን ደርበሽለታል?» ይሉኛል፤ ተነሥቼ እደርባለሁ።

ትርሲት፦ ማን ላይ ነው የሚደርቡት?

ወሰንየለሽ፦ ወንበሩ ላይ። እሳቸውን መዋሸት አልፈለግሁም።

ትርሲት፦ እትዬ ወሰን...

ወሰንየለሽ፦ እንዲህ አትይኝ። ያመመኝ ሰው አይደለሁም። አስተምራለሁ፣ ፈተና አርማለሁ፣ መቃብሩም ጋ እሄዳለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መሞቱን አውቃለሁ።

ትርሲት፦ እማዬ ምን ምን ታወራለች?

ወሰንየለሽ፦ ልጅነቱን። አህያ ይፈራ እንደነበር፣ አህያ ባየ ቁጥር እሳቸው ቀሚስ ውስጥ ይደበቅ እንደነበር። ዳዊት እንዲማር ቄስ ትምህርት ቤት ሲላክ አጥር ዘሎ ጠፍቶ እማማ ሙሉ ጓሮ ጎመን መሃል ተኝቶ መገኘቱን። እማማ ሙሉ ማለት ከእነሱ ቤት ቀጥሎ የነበሩ አንድ ዓይና ባልቴት ናቸው።

ትርሲት፦ እማዬ ናት እንዲህ ብላ ያስረዳችው?

ወሰንየለሽ፦ አዎ። «እማማ ሙሉ ማለት ቀጥሎ ያሉት አንድ ዓይናዋ» ብለው።

ትርሲት፦ ለጋሼ? ጎረቤታቸውን?

ወሰንየለሽ፦ ሰው ሲያረጅ ያብራራል። እኔ ግን በተጋባንበት ዘመን ሁሉ የአህያውን ነገር አልነገረኝም ነበር። ስስቅበት ስለሚያኮርፍ ይሆናል። አሁን ሞቶ ሳለ በየሳምንቱ አዲስ ነገር እሰማለሁ። ባለፈው ደግሞ አንድ የጀመሩት ነገር አለ፣ እንጨት ሲሰብር እግሩን ስለቆረጠበት ቀን፣ ሳይጨርሱት ካርዳቸው አለቀ።

ትርሲት፦ ዛሬ ፊት ለፊት ይጨርሱልዎታል።

ወሰንየለሽ፦ መርዶ ከሰሙ በኋላ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አያወራም። ያለቅሳል፣ «ነበር» ይላል። አንቺ አልገባሽም። በዚህ ዓለም እሱ ያልሞተበት አንድ ቤት ነው የቀረኝ። እሱን ልትዘጊብኝ ነው ዳቦ ቋጥረሽ የመጣሽው።

ትርሲት፦ ያ ቤት የእናቴ ቤት ነው። ወንድሟን ሳታለቅስ ልትሞት ትችላለች።

ወሰንየለሽ፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ ካወቁ...

ወሰንየለሽ፦ ማወቁ አላቃተኝም። በሚቀጥለው ፌርማታ እወርዳለሁ። አንቺ ሂጂና ንገሪያቸው። እኔ ወደ ቦሎኛ በሚሄደው ባቡር ልመለስ።

ትርሲት፦ እማዬ «ወሰንስ?» ስትለኝ ምን ልበላት?

ወሰንየለሽ፦ ጉሮሮዋን ታማለች በያቸው።

ትርሲት፦ ይቀመጡ እባክዎ። ሰው እያየን ነው። ይቆዩ፣ ስልክ ነው። አቶ ደርቤ ናቸው... አቤት ጋሼ። መንገድ ላይ ነን... እንዴት? ማን አስገባችሁ?... እኛ ሳንደርስ ለምን ገባችሁ?... እ? ከራሷ አፍ?... እሺ። እሺ ጋሼ። አዎ፣ እትዬ ወሰን አብረውኝ ናቸው። እነግራቸዋለሁ።

ወሰንየለሽ፦ ነገሯቸው? ሳንደርስ?

ትርሲት፦ አልነገሯትም። ካፌ ተቀምጠው በመስኮት አይታቸው ወርዳ ራሷ ጠራቻቸው። ሲገቡ ነጠላዋን ለኀዘን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

ወሰንየለሽ፦ ማን ነገራቸው?

ትርሲት፦ ማንም። «ወንድሜ ድምፁ ቢዘጋ እንኳ በጥፍሩ ስልኩን ጫር ጫር ያደርግልኝ ነበር» አለቻቸው። ገና በመጀመሪያው እሑድ ነው ያወቀችው። ብቻዋን አልቅሳ ጨርሳለች።

ወሰንየለሽ፦ ሐሰት ነው። ባለፈው እሑድ እንኳ ስሙን እየጠሩ...

ትርሲት፦ እያወቀች ነው የጠራችው።

ወሰንየለሽ፦ እንግዲያ ሰዎቹን ይሸኟቸው። እሳቸው ካወቁ ሰዎቹ ምን ይሠራሉ?

ትርሲት፦ አልሸኘቻቸውም። ወንበር ደርድራ አስቀምጣቸዋለች።

ወሰንየለሽ፦ ለምን?

ትርሲት፦ «መርዶው ለወሰን ነው፤ እስካሁን የነገራት ሰው የለም» አለቻቸው።