ንፍሮ ያልደረሳት ሚስት

ከሐይቅ ዳር ወደ አዲስ ከተማ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከኋላዬ አንድ ወጣት፣ አብራው ለተሳፈረች የሰፈሩ ልጅ ሊያሳትመው ያሰበውን የወንጀል ልብ ወለድ ይተርክላታል።

«ገዳዩ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ያድላል።»

«ገዳይ ደግሞ ንፍሮ ያድላል? ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«ለሁሉም ይሰጣል። የሟች ሚስት ጋ ሲደርስ ግን ዓይኗን ፈርቶ ያልፋታል። አንባቢው ያኔ ይጠረጥራል፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አልነግረውም።»

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«አይቼ ነው።»

«የማን ለቅሶ ላይ?»

የመስኮቱን መስታወት ሲከፍት ሰማሁ።

«የእትዬ አልማዝ ባል ሲሞት ንፍሮ ያደለው አባቴ ነው» አለች ልጅቷ።

«ልብ ወለድ ነው እኮ።»

«ሰፈሩ ሲያነበው ምን ይላል?»

«ስሙን ቀይሬዋለሁ።»

«አባቴን ትጠረጥረዋለህ?»

«አንቺስ?»

ዘወር ብዬ ፊቷን ለማየት ፈለግሁ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ።