ጆሮዋ ጤነኛ ሆኖ ለምን አትሰማም?

የአጋሮው ሚኒባስ ጅማ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ቆሟል። አናጢው ጋሽ ሸኩር የልጅ ልጃቸውን አሚራን የልብሷን ፌስታል አሳቅፈው አጠገባቸው አስቀምጠዋል። ከእንግዲህ ትምህርቱ ይቅርባትና አጋሮ እህቴ ፈትያ ዘንድ ትላላክ ብለው ወስነዋል። አንጀታቸው ግን አልቆረጠም።

በዚህ መሀል የቦሳ ሰፈር አዲስ ጎረቤታቸው ሩሃማ ገባች። ሩሃማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የልጆችን አእምሮ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ትሠራለች፤ የዛሬው ጉዞዋም ወላጆችን ለማነጋገር ነው። ፌስታሉን ስታይ ደነገጠች።

«ጋሽ ሸኩር፣ ትምህርት ሳይዘጋ አሚራን ይዘው ወዴት ነው?»

«ተዪኝ ልጄ! ስጠራት አትሰማ፣ ስልካት መንገድ ላይ ትረሳዋለች። መምህሯም ተሰላችታለች። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ጤነኛ ናት አለኝ። ጆሮዋ ጤነኛ ከሆነ እንግዲህ ንቀት ነው፤ ወላሂ ንቀት ነው!»

«የምታጠናው የት ነው?»

«እኔው ዘንድ፣ የእንጨት መላጊያው ማሽን አጠገብ። ሆን ብዬ ነው! በጩኸት መሀል ያጠና ልጅ ልቡ ይጠነክራል፤ ፈተና አያስደነግጠውም።»

ይህን ሲሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነበር። በአናጢዎቹ ሰፈር ይህ እንደ ትልቅ ብልሃት ይቆጠራል፤ ውጤቱን ቆም ብሎ ያየ ሰው ግን አልነበረም። ሩሃማ አልሳቀችባቸውም።

«ማሽኑ ሲጮህ ባለቤትዎ እትዬ አይሻ ቢጣሩ ይሰማዎታል?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ።»

«የለመዱት አድገው ነው። ድምፅ ጆሮ ውስጥ ስለገባ ብቻ ሥራው አያልቅም። ይሄን ልስማ፣ ያንን ልተው ብሎ የሚመርጠው አእምሮ ነው። ልጅ ላይ ደግሞ ይህ ራስን የመግታት አቅም ገና በማደግ ላይ ነው። እኛ ልጆቹን ሽቦ ያለው ቆብ አልብሰን ድምፅ እናሰማቸዋለን...»

«ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ? አዑዙ ቢላህ!»

«ኧረ ማሎ! ቆቡ ምንም አይልክም፤ አእምሮ ለድምፁ የሚሰጠውን ምላሽ ብቻ ነው የሚመዘግበው። ከዚያ እናጫውታቸዋለን። አንዱ ሥዕል ሲመጣ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ሌላው ሲመጣ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ያ ምላሽና እጅን የመሰብሰብ ችሎታቸው እንዴት እንደሚዛመዱ ነው የምናጠናው።»

«እንግዲያው ቆቡን አድርጉላትና በሽታዋን ንገሩኝ!»

«አልዋሽዎትም ጋሽ ሸኩር፤ ጥናቱ የብዙ ልጆች ነው፤ የአንዷን ሕመም አይናገርም። ለእሷ የሚበጀውን ግን እዚሁ እንሞክረው። እስቲ አንድ ነገር ይዘዟት።»

ረዳቱ «አጋሮ! አጋሮ! ኮቱ! ኑ!» እያለ ተሳፋሪ ይጠራል፤ በሩን ይደበድባል።

«አሚራ፣ ፌስታሉን ከወንበሩ ሥር አስገቢና ውኃውን አቀብዪኝ» አሉ ጋሽ ሸኩር።

ልጅቷ ወደ ረዳቱ ዞረች፤ ጥሩምባ ወደሚነፋው ባጃጅም ዞረች፤ ፌስታሉን እንዳቀፈች ቀረች።

«አየሽልኝ?»

ሩሃማ ረዳቱን ለአፍታ ዝም እንዲል ለመነችው፤ መስኮቱንም ዘጋች። የአሚራን ትከሻ ነካ አድርጋ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ያንኑ ትእዛዝ ቀስ ብላ ደገመችላት። አሚራ ፌስታሉን ከወንበሩ ሥር አስገብታ ውኃውን በሁለት እጇ ለአያቷ አቀረበች።

ጋሽ ሸኩር ውኃውን ተቀብለው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«አባባ፣ ማሽኑ ሲጮህ የሚሉኝ ነገር ይጠፋብኛል» አለች አሚራ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። ማሽኑ ይጮህ ነበር።»

ጋሽ ሸኩር ሳቃቸውና እንባቸው አንድ ላይ መጣ። «አልሐምዱሊላህ! አልናቀችኝም! አልታመመችም!» እያሉ ፌስታሉን አንሥተው፣ የረዳቱን ማጉረምረም ከምንም ሳይቆጥሩ፣ ልጅቷን ይዘው ወረዱ። ለፈትያም ደውለው እንደማይመጡ ነገሯት። እንዲህ ደስ ብሏቸው የቀሩበት ጉዞ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አሚራ ስታጠና ማሽኑ ይዘጋል። የሚልካት ሰው ዓይኗን እያየ፣ አንድ አንዱን ይነግራታል። መምህሯም ከመስኮቱ ዳር አንሥታ ፊት አስቀምጣታለች። ሁሉ ነገር በአንዴ ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ ስኳር ተልካ ጨው ይዛ የምትመጣበት ቀን ዛሬም አለ። ቢሆንም ቁጣና ኩርኩም ከቤቱ ወጥቷል፤ ልጅቷ ትምህርቷን ወዳዋለች፤ እትዬ አይሻም «እኔም ጆሮዬ አረፈ» ይላሉ።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው አናጢው ኢርፋን ልጁን ሩፈይዳን «ምን ዓይነት ደንቆሮ ናት!» እያለ ሲሰድብ ጋሽ ሸኩር ሰሙ። ዘው ብለው ገቡና የሚጮኸውን ማሽኑን አጠፉበት።

«በል» አሉት፣ «አሁን ጥራት።»