ቆጣሪው ዋሸ፣ እኔም ዝም አልኩ

ጋሼ፣ ይቀመጡ። ዛሬ፣ በጡረታ መሸኛዎ ቀን እንኳ ይቀመጡ። ገና አፌን ሳልከፍት ዓይንዎ በመስኮቱ ወጥቶ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ሞተር ሳይክሎች እየቆጠረ ነው። አንዱም ቤንዚን አያንጠባጥብም፤ ጠዋት ተንበርክኬ አይቻቸዋለሁ።

እሳቸው እዚህ ጋራዥ የመጡ ቀን እኔ አልተወለድኩም ነበር። ስለዚህ ያን ቀን የምተርክላችሁ የመጋዘን ኃላፊያችን እትዬ እንደነገሩኝ ነው፤ ከጨመርኩበት ያርሙኝ። ማስታወቂያው «ስለ ነዳጅ ቁጠባ የሚያውቅ መካኒክ ይፈለጋል» ይላል። የፈተናው ሰዓት ደረሰ፣ ሰው የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ወጣት፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ሞተር ሳይክል እየገፋ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ቤንዚን አልቆብኝ።»

«ለምን ጉዳይ ነው የመጣኸው?»

«ለነዳጅ ቁጠባው።»

ዘበኛው ስቆ ሊመልሰው ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃ ግን «አስገባው፤ ይሄ ሰው ከዛሬ በኋላ ቤንዚን አያልቅበትም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመት ከዚህ ግቢ ያስነሱት ጉዞ በነዳጅ እጦት መንገድ ላይ የቆመው አንዴ ብቻ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ልንገር፤ አባወራችሁ ቀኑን ሙሉ የሚታገሉት ከአንድ ዓይነት ፍጥረት ጋር ነው። ፊት አንድ፣ ኋላ ሁለት ጎማ ያለው፣ ከነጂው ሌላ ሁለት አገር ጎብኚ እንግዳ ከነጓዙ ይዞ ለሳምንት የሚጓዝ ሞተር ሳይክል። አቀማመጡ ሶፋ ነው፤ አጠጣጡ ግን የጭነት መኪና። እሳቸው ደግሞ አንዲት ጠብታ ያለ ሥራ ስትጠፋ የሚያማቸው ሰው ናቸው።

ባልደረቦቼ፣ ጠዋት ሲመጡ አይታችኋቸዋል። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ የራሳቸውን ሞተር ያጠፉና በዝምታ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ከዚያ ከሩቅ ጩኸት ይሰማል፦ «ክፈት! በሩን ክፈት! ፍሬን አታስይዘኝ!» ዘበኛችን ሻዩን ትቶ የሮጠበትን ቀን ቢቆጥር እሱም እንደ ሯጭ ጡረታ ይገባዋል።

የእንግዶችን ሻንጣ ሲመዝኑስ? ከአንዲት ትልቅ ሴትዮ ጓዝ ውስጥ የልብስ ካውያ አወጡ። «እመቤት፣ ይሄ ምን ያደርግልዎታል?» «ለመተኮሻ ነዋ!» «ነፋሱ ራሱ ይተኩስልዎታል። ይሄን ብረት ግን ሽቅብ የምትጎትተው እቺ ምስኪን ሞተር ናት።» ካውያው እስካሁን መጋዘን ውስጥ አለ። ለነጂዎችስ? «የነዳጅ መስጫውን እጀታ እንደተኛ ሕፃን ያዙት። ከቀሰቀሳችሁት ማባበሉ የእናንተ ነው።»

እኔን የተቀበሉኝ ደግሞ እንዲህ ነው።

«ኢንጂነሯ፣ የጎማ ነፋስ ለክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ።»

«እሱንማ ጎማውም ተምሮታል። መለኪያውን ያዢ።»

ሳቁ፣ ደግ ነው። እስካሁን ያወራሁትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የቀረውን ሙሉ በሙሉ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ እያፈርኩ ነው የምናገረው።

ከሁለት ዓመት በፊት በነዚህ ሞተር ሳይክሎች ነዳጅ አጠቃቀም ላይ ጥናት ሠራሁ። አምስት ወር ፈጀብኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሽፋኑን ገንጥለው በራሳቸው ስም ለቦርዱ አቀረቡት። ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ቅር ቢላቸውም እውነት ነው። ስብሰባው ላይ «ልጅቷ ሻይ ታምጣልን» የተባልኩትም እኔ ነኝ። ተበድያለሁ፣ ይህንንም አልውጠውም። ግን መበደሌ እኔ የበደልኩትን አይሰርዘውም።

ጥናቱ ውስጥ የኋላ ጎማዎቹ ጠበብ ባሉ፣ በቀላሉ በሚንከባለሉ ጎማዎች ይለወጡ የሚል ነበረበት። ለወጥን። ድሮ በሊትር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር የሚሄደው አሥራ ሰባት ሄደ። ቆጣሪው ነው ያለው። እኔ በደስታ መሬት አልረግጥም።

አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ጋሼ ግቢው ውስጥ አጎንብሰው አገኘኋቸው። አሮጌው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው አሥር ዙር አንከባለሉት፤ በሜትር ለኩ። አዲሱንም እንዲሁ። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል።

«ኢንጂነሯ፣ ነይ እስቲ። አዲሱ ጎማ መጥበብ ብቻ ሳይሆን አጥሯል። ቆጣሪው የኋላ ጎማውን ዙር ነው የሚቆጥረው። ጎማው ሲያጥር ዙሩ ይበዛል፣ ያልሄድሽውን መንገድ ሄደሻል ይልሻል። ቁጠባ አለ፤ ግን አሥራ ሰባት አይሞላም። አሥራ ስድስትም አይሞላም።»

ምን ብዬ መለስኩ? «ጋሼ፣ ይሄ በኮምፒውተር ተሰልቶ ያለቀ ነገር ነው። በጠመኔ አይደለም።»

ጠመኔውን ኪሳቸው ከተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ግን በዚያ አላበቃሁም። ቢሮ ገብቼ «አንዳንድ ነባር ሠራተኞች ለውጥ አይዋጥላቸውም» ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገኝም፤ አዲሱን ጎማ የተቃወመ ነባር እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሴት ስለሆንኩ የናቁኝ መስሎኝ ነበር። ብዙዎች ንቀውኛል። እሳቸው ግን ጎማ ነበር የለኩት።

ከዚያ ታንከሩ የሚይዘውን ሃያ አምስት ሊትር በአሥራ ሰባት አባዝቼ የጉዞ ካርዱን አዘጋጀሁ፦ «በአንድ ሙሊት አራት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ያለ ስጋት።» ስድስት ሞተር ሳይክል፣ አሥራ ሁለት እንግዳ፣ በሁለት ማደያዎች መካከል ልክ አራት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ። ማደያው ሊደርሱ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው አንድ በአንድ ቆሙ። ዛፍ የሌለበት ሜዳ፣ የቀትር ፀሐይ፣ ሦስት ሰዓት። አንድ አዛውንት ራሳቸውን ስተው ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ተርፈዋል። ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ግን መትረፋቸው አይደለም።

ሥራ አስኪያጃችን፣ ያኔ ጥናቱ በድንገት የእኔ ሆነ። «ልጅቷ ናት የሠራችው» ተባለ። አጣሪዎች ሊመጡ ሲሉ ጋሼ ቀድመዋቸው በእጃቸው ጻፉ፦ «ጉዞው ከመነሳቱ በፊት ነዳጁን ማረጋገጥ የእኔ ኃላፊነት ነበር። አላረጋገጥኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ውሸት ነው። አረጋግጠው ነበር፤ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጎማ ማከማቻው ጋ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ለምን?»

«እኔ ለጡረታ አንድ ዓመት ከምናምን ነው የቀረኝ። አንቺ ገና ሠላሳ ዓመት ይቀርሻል።»

«ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ነው። አንቺን ቢያባርሩ ግን ሌላ ሴት ልጅ እዚህ ጋራዥ አያስገቡም። አውቃቸዋለሁ። በይ ሂጂ፣ ሥራሽን አስተካክዪ።»

እኔም «እሺ» አልኩ። እቺን ቃል ነው ይዤ የኖርኩት። አልተከራከርኩም፣ አላለቀስኩም፤ «እሺ» ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ስለ በደል ቀን ከሌት የምጮኸው እኔ፣ በደሉ ሲጠቅመኝ ጊዜ ድምፄ ጠፋ።

እሳቸው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ከዋና መካኒክነት ወደ ረዳትነት ወርደው ጎማ ነፋስ እንዲሞሉ ተመደቡ፣ በስልሳ ዓመት ዋዜማ። ከዚያችው ጥግ ግን በየሳምንቱ ይጠሩኝ ነበር። «ቆጣሪውን ተይው፣ በመንገዱ ዳር በተተከሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ለኪ።» ለካሁ። «የኋላውን ፍሬን ንኪው፣ ይሞቃል፤ ሳትይዢው ይይዛል።» ይይዝ ነበር። አላቀቅነው። «የፊት መስታወቱን አራት ጣት አውርጂው፣ ነፋስ እየሰበሰበ ነው።» አወረድን። ነጂዎቹን በሰዓት ከመቶ አሥር ወደ ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያወረዷቸውም እሳቸው ናቸው፤ በልመና፣ በቁጣ፣ አንዳንዴም ቁልፍ በመደበቅ። ዛሬ እነዚህ ሞተር ሳይክሎች በሊትር አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። እውነተኛ አሥራ ሰባት፣ በድንጋይ የተቆጠረ።

ይህን ሁሉ ዛሬም ላልናገር እችል ነበር። ማታ ያዘጋጀሁት ንግግር ካውያው ጋ ነበር የሚያበቃው። አሁን ስገባ ግን ልጃቸው በሩ ላይ ተቀብላኝ እጄን ያዘችና ቀስ ብላ፣ «አባዬ መጨረሻ አካባቢ ሥራው ከብዶት ነበር አይደል? እኛ እንዳናፍር ብሎ ነው መሰለኝ አያወራም» አለችኝ።

እህቴ፣ አልከበዳቸውም። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ። አባትሽ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

«በቃ፣ ተይው» እያሉኝ ነው፣ ትሰማላችሁ? አልተወውም፣ ጋሼ። አንዴ እሺ ብዬዎታለሁ፤ ሁለተኛ አልልም።

ይህን የምስክር ወረቀት እንዳስረክባቸው የተመረጥኩት እኔ ነኝ። የተጻፈውን አንብቡት፦ «በረዳት መካኒክነት ላገለገሉበት።» አላስረክብም። ይኸው፣ ቀደድኩት። ሥራ አስኪያጅ፣ ይቀመጡ፣ ልጨርስ ነው። አሁን የነገርኳችሁን ቃል በቃል ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለአስተዳደርም ለቦርዱም ዛሬውኑ አስገባለሁ። ማስጠንቀቂያው ከማህደራቸው ይውጣ፣ ወደ እኔ ይግባ። ማዕረጋቸው ተመልሶ ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ፤ ቤታቸው ድረስ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ካባረራችሁኝም እባረራለሁ። በእኔ ቦታ ግን ሌላ ሴት ቅጠሩ።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ቀድመው ይቅር እንዳሉኝ አውቃለሁ፣ እሱም ነው የሚያሳፍረኝ። አመሰግናለሁ። ስላስተማሩኝ፣ ስለሸፈኑኝ፣ በእነዚያ ሁሉ ወራት አንዴ እንኳ ክፉ ዓይን ስላላሳዩኝ። ጤና ይብዛልዎት። ጠዋት ያለ ሥጋት ይተኙ። ከባለቤትዎ ጋር ሻንጣ ሳይመዝኑ ይጓዙ። የልጅ ልጅ ይሳሙ።

በሉ፣ ሁላችሁም ተነሱ። ብርጭቋችሁን አንሱ። ከእኔ ጋር ጮክ በሉ፣ ቢሮው ድረስ ይሰማ፦

ለዋና መካኒካችን!