ከሲኒማ ቤቱ ወደ ስኮትዴል

እስቲ አትላንታ ታክሲ ስነዳ ስላገኘኋቸው ተሳፋሪ ላውጋችሁ። ነጭ አሮጊት ናቸው። ከሲኒማ ቤት ወጥተው ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቷል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ በማይችሉበት ዘመን ጓደኛ ስለሆኑ ሁለት ሴቶች ነበር።

"እኔም ሩቢ የምትባል ጥቁር ጓደኛ ነበረችኝ። ቤቷ ስኮትዴል ነበር፣ እዚያ ውሰደኝ" አሉኝ።

ስንደርስ ቤቱ ፈርሶ አፓርታማ ተሠርቶበታል። ፓርክ አደረግኩና በረንዳቸው ላይ የተቀመጡ ጥቁር ሽማግሌ ጠየቅኩ።

"ሩቢማ ኮንየርስ ከተማ ልጇ ዘንድ ገብታለች" ብለው ስልክ ቁጥሯን ሰጡኝ።

አሮጊቷ ጆሯቸው ስለሚከብድ በሞባይሌ ደውዬ ስፒከር አደረግኩላቸው።

"ሩቢ፣ ማርጋሬት ነኝ።"

"የትኛዋ ማርጋሬት?"

አሮጊቷ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። "ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ መንገድ ላይ ስትጠሪኝ፣ እንደማላውቅሽ ሆኜ ያለፍኩሽ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም።

"ቀይ ኮት ለብሰሽ ነበር" አሉ ሩቢ ቀስ ብለው። "ኩርባውን እስክትታጠፊ ድረስ ቆሜ አየሁሽ። ትዞሪያለሽ ብዬ ነበር።"

አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አለቀሱ። እኔም መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

"ማርጋሬት፣ አሁን የት ነሽ?" አሉ ሩቢ።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ።

"ስኮትዴል ነን እትዬ" አልኩ፣ በአማርኛ መናገሬን እንኳ ሳላውቅ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ "እየመጣን ነው።"