የታቦር ምትክ

ካሳሁን ያን ንግግር የሰማው በልጅነቱ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ተኝቶ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ከበቡሽ በለሆሳስ ያወራሉ፤ የንስሐ አባታቸው ይመልሳሉ። «ያኔ አሰፋ ልበለው ስል ከለከሉኝ፤ ይኸው ካሳሁን ለማለት አፌ እምቢ እያለኝ ነው» አሉ እናቱ። አሰፋ ከካሳሁን በፊት ተወልዶ በኩፍኝ የሞተው ልጃቸው ነው። ቄሱም «የሄደውን በስሙ ሸኚው፣ የመጣውን በስሙ ተቀበዪው» ያሉ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንቅልፍ ወስዶበታል።

አሁን እናቱ አርጅተው፣ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር እሱ ቤት ናቸው። እሱም ጎልማሳ ሆኗል፤ መምህር ሳይኖረው ከመጽሐፍ ላይ በተማረው ኮምፒውተር ይጠግናል። ሚሌኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የዓሣ ሾርባ በማንኪያ እያጠጣቸው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ደዋይዋ ጥገና ያስተማራት፣ አሁን የኮሌጁን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀው ገኒ ነበረች።

— ሄሎ... አቤት፣ ማን ልበል?... ውይ፣ ገኒዬ። እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ?... እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። እማዬም ደኅና ናት፣ ሾርባ እያጠጣኋት ነው... አዎ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዓሣ ልገዛ በአሞራ ገደል በኩል አለፍኩ... ምነው ድምፅሽ? እያለቀስሽ ነው እንዴ?

— ጉንፋን ነው? እሺ፣ ጉንፋን ይሁን። የት ነሽ?... ኮሌጅ? በሰንበት?

— ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ከሁለቱ ሰርቨሮች የትኛው ነው? ታቦር ነው አሞራ?... ታቦርማ ሞተ እኮ። ዲስኩን አዲስ አበባ ልከሽው አይሆንም ብለው መለሱልሽ፣ ነግረሽኛል... እና በሱ ፈንታ አዲስ ማሽን ተገዛ። ታዲያ ይህ ደስ ይላል እንጂ... ከአሞራ ጋር አልግባባ አለ። እሺ።

— አቤት እማዬ። አለሁ፣ እዚሁ ነኝ... አንቺን አይደለም ገኒ፣ እናቴ ጠርታኝ ነው። ቀጥዪ። አዲሱን ማሽን ምን ብለሽ ሰየምሽው?

ካሳሁን ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

— ታቦር። ሌላ ታቦር... አልተቆጣሁም፣ ለምን እቆጣለሁ? ሰው ሰኞ ሲገባ ምንም የጎደለ እንዳይመስለው ብለሽ ነው። ገብቶኛል።

— አሁን ስሚኝ። አሞራ የድሮውን ታቦር እስካሁን መዝገቡ ላይ ይዞታል። መሞቱን ያረዳው የለም። ይጠራዋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጠራዋል። ሰዉ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ያን ያህል የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው፤ ግማሹ ኮምፒውተር ሙቱ ደጅ ቆሞ ነው የሚያንኳኳው። አንቺ ደግሞ በዚያው ስም ሌላ ይዘሽ መጣሽበት። «እኔ የማውቀው ታቦር አንተ አይደለህም» ይለዋል... አዎ፣ ጠቡ ይኸው ነው።

— ኑሪ ምን አለ? የሬጅስትራሩ ኑሪ?... «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ታቦር በቁሙ ከሠራው ከሞተ ያስቸገረን ይበልጣል»... ይህ ልጅ አፉ አያርፍም።

— ነገ ነው እንዴ ምዝገባው?... ከሩቅ፣ ከበንሳ ከምናምን የሚመጡ ልጆች አሉ፣ አዎ፣ ካልተመዘገቡ ማደሪያ የላቸውም። ዲኑስ ምን አሉ?... ነገ ካልሠራ ሌላ ሰው በቦታሽ ሊያስገቡ። እንዲህ ብለው ተናገሩ?... በይ አይዞሽ። ከዚያ በፊት እንጨርሰዋለን። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የድሮውን ታቦር ስም ከአሞራ ላይ ታጠፊዋለሽ።

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ገኒ፣ ትሰሚኛለሽ?... አለሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ።

— አታጠፊም? ለምን?... የተማሪዎቹ ውጤት አሞራም ላይ አለ እኮ። ባክአፕ ቅጂም ይዘሻል... እሱ አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው?

ካሳሁን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ማዳመጥ ያውቅበታል። አንድ ሁለቴ «እ» አለ እንጂ አላቋረጣትም።

— በእጄ ሞተ አትበዪ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፤ በመጨረሻው ይዞት ሄደ። አንቺ ምን ታደርጊ?... አውቃለሁ፣ የተማርሽበት ነው። እኔስ? እኔ መጽሐፉን ይዤ፣ አንቺ ካቻቢቴውን ይዘሽ፣ ገጽ በገለጥኩ ቁጥር «ጋሼ፣ ይህንን ልፍታው?» ስትዪኝ... ያን ጊዜ ከኔ ደጅ የሚታየውን ተራራ ስም አወጣሁለት። እኔም እወደው ነበር።

— ስሙ እንኳ ይቆይ። ይህን ነው የምትዪው?

— አቤት እማዬ... እንዲበርድልሽ ነው ያቆምኩት፣ ትኩስ ነው። መጣሁ።

— ሰማሻት?... አዎ፣ አሰፋ ነው ያለችኝ። አልነገርኩሽም ለካ። ታላቅ ወንድሜ ነበር፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። እኔ ስወለድ በሱ ስም ልትጠራኝ አስባ ነበር፣ የንስሐ አባታችን እንቢ አሉ። ካሳሁን አስባሉኝ... አዎ፣ የሱ ካሳ። አየሽ ገኒ፣ ምትኩ የሚባለውን፣ ተካ የሚባለውን፣ ማስረሻ የሚባለውን ሁሉ ብትጠይቂው ከማን ቀጥሎ እንደመጣ ይነግርሻል። ማስረሻ ተብሎ በተጠራ ቁጥር የሄደው ትዝ አይልም? ስሙን ስለተዉ ሟቹን አልረሱትም። ምትክ ግን የራሱ ስም ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ዕድሜውን በሰው ስም ሲጠራ ይኖራል።

— ምን አልሽ?... ታዲያ እኔ አሰፋ ስባል ለምን አቤት እላለሁ ነው ጥያቄሽ?

እናቱን ዞር ብሎ አያቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ሾርባውን ሳይሆን እሱን እየጠበቁ ነበር።

— እሷ እናት ናት፣ ገኒዬ። አሞራ ማሽን ነው። አሞራ የሞተውን እየጠራ ሥራ ያስፈታል፤ እሷ ጠርታ አቤት የሚላት ካገኘች ይበቃታል። እኔ በሁለት ስም ብጠራ ምን ይጎድልብኛል?

— ተይ እንግዲህ። አሁንም ጉንፋን ነው?... ፊትሽን ታጠቢ። እጠብቃለሁ።

— መጣሽ? በይ፣ በመጀመሪያ የአዲሱን ማሽን ኬብል ንቀዪው... ነቀልሽ። አሁን አሞራ ላይ ግቢ። የሰርቨሮቹ ዝርዝር ወጣልሽ?... ሁለቱም ስም አለ። ጠቋሚውን ታቦር ላይ አድርጊና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ በስሕተት አሞራን ካጠፋሽ እኔም አላድንሽም... ታቦር። ድገሚልኝ... ታቦር። ደግ።

— ምን ብሎ ጻፈ?... ከጠፋ አይመለስም ይላል። እውነቱን ነው። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎም ይጠይቃል፣ ሁልጊዜ ይጠይቃል... አትቸኩዪ። እኔ የትም አልሄድም። በእግዚአብሔር ስም ብለሽ ስትጨርሺ «አዎ» የሚለውን ትጫኚዋለሽ።

በደጅ ባጃጅ አለፈ። ካሳሁን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ምን እንዳለ እናቱም አልሰሙም።

— ጠፋ?... ነፍስ ይማር ልበል ወይስ ትስቂብኛለሽ?... ሳቅሽ። ተመስገን።

— ገና ነው፣ አትነሺ። የአድራሻዎቹ ዝርዝር ውስጥም ስሙ አለ... አዎ፣ እዚያም አጥፊው። ከሳሎን አውጥተሽ ጓዳ ከተውሽው ነገም ይጠሩታል... ሌላ አለ?... እሱንም። አሁን ሂጂና የኑሪን ኮምፒውተር ክፈቺ።

— እ?... ወዲያው ገባ? ሳይንቀራፈፍ?... ድገሚውና እይ... አሁንም። በይ ነገ ኑሪ የሚቀልድበት ቸገረው።

— ቀጥሎ አዲሱ። ኬብሉን ከመሰካትሽ በፊት ስሙን ቀይሪው። ማን ልትዪው ነው?... ካሳሁን? ኧረ ተዪ። ያ ኑሪ «ካሳሁን ዛሬም ተኝቷል፣ ካሳሁንን አንዱ ይቀስቅሰው» ሲል ሊውል ነው? ሌላ ፈልጊ... ለምን አይሆንም፣ ያምራል እንጂ። ምትኩ ይሁን። ጻፊው።

— አንድ ነገር ልለምንሽ። የታቦር ባዶ ቀፎ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው አይደል?... አቧራውን ጠዋት ጠዋት ትጠርጊለታለሽ። ገምቼ ነበር። ቦታው ለምትኩ ያስፈልጋል። አውርጂው... ገኒ?... እኔ ዘንድ አምጪው፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ስትናፍቂው መጥተሽ ታዪዋለሽ።

— አቤት እማዬ። አሁን መጣሁ።

— እ? ምን አልሽኝ፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ተናገራችሁብኝ... ምትኩን መደርደሪያው ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ ታቦርን በባጃጅ ይዘሽ ትመጫለሽ። ዛሬውኑ... በይ፣ እንዲህ ነው የኔ ልጅ። ሾርባ አቆይልሻለሁ። ቻው።